የባሕሩ የላይኛው ውሃ የኖራ ድንጋይን አያሟሟም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ኮምቦልቻ

ክቡር አዘጋጅ፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ውቅያኖስ አሲዳማነት በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ፣ ወደብ በሌላት አገር ጋዜጣ ላይ የባሕር ውሃ ኬሚስትሪ ይህን ያህል ቦታ ማግኘቱ አስደስቶኛል። ጸሐፊው ከአየር ወደ ባሕር ስለሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሰጡት ገለጻ በአብዛኛው ትክክል ነው። የማልስማማው ጽሑፋቸውን በደመደሙበት የመፍትሔ ሐሳብ ነው። የጎጃምና የአዊ ገበሬ አሲዳማ ማሳውን በተፈጨ የኖራ ድንጋይ እንደሚያክም ሁሉ ባሕሩንም በዚያው ዱቄት ማከም እንደሚቻል፣ ኢትዮጵያም የኖራ ድንጋይ የሞላት አገር በመሆኗ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ቀይ ባሕር በሚወርደው መንገድ ዱቄቱን እያጓጓዘች የዚህ ሥራ ፈር ቀዳጅ ልትሆን እንደምትችል ጽፈዋል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ለጆሮም ይጥማል። ሆኖም አንድ መሠረታዊ ነገር ዘሎ ያለፈ በመሆኑ አይሠራም፤ የተዘለለውም የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን የሆነው የካልሲየም ካርቦኔት ሙሌት ነው፤ ይኸውም ውሃው ከዚህ ማዕድን ሊይዝ የሚችለውን ያህል ይዟል ወይስ አልያዘም የሚለው ማለት ነው። ከዓለም ባሕሮች ሁሉ መርጠው ያነሡት ቀይ ባሕር ደግሞ ለዚህ ሐሳብ ከማይመቹት ሁሉ የባሰው ነው።

ብዕሬን ያነሣሁት የባሕር ተመራማሪ ሆኜ አይደለም። ሥራዬ እዚሁ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የቦይለርና የማቀዝቀዣ ውሃ መቆጣጠር ሲሆን፣ እንጀራዬም የተመሠረተው ካልሲየም ካርቦኔት መቼ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ እንደሚቆይ፣ መቼ ደግሞ ከውሃው ወጥቶ ቱቦ ላይ እንደሚጋገር አስቀድሞ በማወቅ ላይ ነው። ለጥገና ሂት ኤክስቼንጀር (ሙቀት ማስተላለፊያው) ሲከፈት ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት ጫፍ ያሉት ቱቦዎች ብረታቸው እንደታየ ይገኛሉ፤ ወደ ሙቁ ጫፍ በተጠጋን ቁጥር ግን እኛ ስኬል የምንለው ግራጫ ቅርፊት እየወፈረ ይሄዳል። በመፍቻ ጀርባ መታ መታ ሲያደርጉት እየተሰነጠቀ ይረግፋል፤ ከረገፈው ላይ ጥቂት አሲድ ጠብ ሲያደርጉበት ደግሞ ወዲያውኑ እየተፍለቀለቀ አረፋ ያወጣል። ያ አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቅርፊቱ በሙቁ ጫፍ የሚበዛበት ምክንያትም አብዛኛው ጨው ውሃ ሲሞቅ ይበልጥ ሲሟሟ ካልሲየም ካርቦኔት ግን በተቃራኒው ውሃ ሲሞቅ የመሟሟት ችሎታው የሚቀንስ፣ ሲቀዘቅዝ የሚጨምር በመሆኑ ነው። ይህን የሙቀት ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ቀይ ባሕር ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

በእኛ ሙያ ቅርፊት ይጣላል ወይስ አይጣልም የሚለውን የምንገምተው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ዊልፍሬድ ላንገሊየር እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣው ቀመር ነው። የውሃው ሙቀት፣ ፒኤች (አሲድነቱን የሚያሳየው ቁጥር፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል)፣ ካልሲየም፣ አልካሊኒቲ (አሲድ የማክሸፍ አቅሙ) እና በአጠቃላይ የሟሙት ነገሮች መጠን ተለክተው ሲሰሉ ውጤቱ ከዜሮ በላይ ከሆነ ውሃው ቅርፊት የመጣል ዝንባሌ አለው፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ደግሞ ያለውን ቅርፊት እየሟሟ ይወስዳል። የባሕር ኬሚስቶች ኦሜጋ የሚሉት ልኬት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የአጻጻፍ እንጂ የሐሳብ ልዩነት የለውም። የካልሲየሙ መጠን በካርቦኔቱ መጠን ይባዛና የማዕድኑ የመሟሟት ወሰን ለሆነው ቁጥር ይካፈላል። ውጤቱ 1 ሲሆን ውሃው ልክ ሞልቷል፤ ከ1 በላይ ሲሆን ከሙሌት በላይ ነውና ማዕድኑ አይሟሟም፤ ከ1 በታች ሲሆን ማዕድኑ ይሟሟል። ማዕድኑ ሁለት ዋና መልክ አለው፤ ካልሳይትና አራጎናይት ይባላሉ። የኬሚካል ስሪታቸው አንድ ሲሆን የአተሞቻቸው አደራደር ግን ይለያያል፤ አራጎናይት ከካልሳይት 1.5 እጥፍ ያህል ይበልጥ ሟሚ ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከዚሁ ከደካማው ከአራጎናይት ስለሆነ የባሕር ጤና ሲወራ በአብዛኛው የሚጠቀሰው የአራጎናይት ኦሜጋ ነው።

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ። ግብርና ባለሙያዎች ኖራ እንዲጨመር የሚመክሩት የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ ነው፤ በዚያ ደረጃ አሉሚኒየም ከአፈሩ እየተለቀቀ የሰብሉን ሥር ይጎዳልና። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ አሲድነትን የሚያመጣው የሃይድሮጅን አዮን የበዛ፣ ካርቦኔት ደግሞ የሌለ ያህል ስለሆነ የተፈጨው ድንጋይ እርጥበት እንዳገኘ መሟሟት ይጀምራል፤ ሲሟሟም አሲዱን ያከሽፋል። ገበሬው ውጤቱን የሚያየው ድንጋዩ በመሟሟቱ ብቻ ነው። ያልሟሟ የኖራ ድንጋይ ማሳ ላይ የተበተነ ጠጠር ነው፤ ለአፈሩ አንዳች አይፈይድም።

ባሕሩ ግን አሲድ አይደለም፤ ይህን ጽሑፉ በግልጽ ሳያስቀምጥ ማለፉ ነው ለስሕተቱ በር የከፈተው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት የባሕሩ የላይኛው ውሃ አማካይ ፒኤች 8.2 ገደማ ነበር፤ ዛሬ 8.1 ገደማ ነው። ከ7 በላይ ያለ ሁሉ ቤዝ ስለሆነ ባሕሩ ወደ አሲድ አቅጣጫ ተጓዘ እንጂ አሲድ አልሆነም፤ በሚታሰበው ዘመን ሁሉም አይሆንም። 0.1 ትንሽ የሚመስለው የፒኤች ቁጥር የሚሰላበት መንገድ ስለሚደብቀው ነው፤ የሃይድሮጅን አዮኑ መጠን በሩብ ያህል ጨምሯል። ይህም የሆነው በአየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 280 ከነበረበት አሁን ከ420 በላይ በመድረሱና የሰው ልጅ በየዓመቱ ከሚለቀው ውስጥ ሩቡን ያህል ባሕሩ በመዋጡ ነው።

የገባው ጋዝ ምን ይሠራል? ዋነኛ ሥራው ካርቦኔቱን መብላት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና አንድ የካርቦኔት አዮን ተገናኝተው ሁለት የባይካርቦኔት አዮኖች ይሆናሉ። ካልሲየሙን አይነካውም። በአንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 400 ሚሊ ግራም ከፍ የሚል ካልሲየም አለ፤ በአዮን ብዛት ሲቆጠር ላይኛው ውሃ ውስጥ ካለው ካርቦኔት ከ40 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው፤ መጠኑም የሚለዋወጠው በአብዛኛው ከጨዋማነቱ ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ውስጥ ኦሜጋን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ካርቦኔቱ ነው። ከዚህ ቁጥር ጋር አብሮ መታየት ያለበት ሌላ ቁጥር አለ፤ ካርቦኔቱ ከቀነሰ በኋላም እንኳ በሞቃታማው የምድራችን ክፍል የላይኛው ውሃ የአራጎናይት ኦሜጋ ዛሬ 4 ገደማ ሲሆን የካልሳይቱ 6 ገደማ ነው። በዋልታዎቹ አካባቢ ይህ ቁጥር በጣም ዝቅ ይላል፤ በአንዳንድ ቦታና ወቅት 1 አካባቢ ይደርሳል። በአብዛኛው የዓለም ባሕር ላይኛው ውሃ ግን የኖራ ድንጋይ ከሚሟሟበት ልክ እጅግ በላይ የሞላ ነው። የእኛ ሰው ዱቄቱን ጭኖ ወስዶ ቢበትነው ዱቄቱ ሳይሟሟ ቁልቁል ይሰምጣል። የሚለካ ፒኤች አይጨምርም፤ አንድ ካርቦኔት አይወልድም። በእኔ ቀመር ቢሰላም ያው ነው፤ ላንገሊየሩ ከዜሮ በላይ በሆነ ውሃ ውስጥ ስኬል ቢጥሉ ስኬሉ እዚያው ይቆያል።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ፣ ባሕሩ ይህን ያህል ከሞላ ስለምን ራሱን በራሱ እየጋገረ ወደ ታች አይጥልም ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቦይለር ውስጥ እንዲህ የሞላ ውሃ አንድ ቀን አይታገሥም። መልሱ በአብዛኛው ማግኒዚየም ነው። በባሕር ውሃ ውስጥ ማግኒዚየም በአዮን ብዛት ከካልሲየም 5 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ የካልሳይት ቅንጣት ማደግ ስትጀምር ማግኒዚየሙ ገጿ ላይ እየገባ እድገቷን ይገታታል። ፎስፌትና ከሕያዋን የሚመጡ የሟሙ ነገሮችም በዚሁ አቅጣጫ ያግዙታል። በዚህ ምክንያት ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት፣ ማለትም ኮራሎች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ ኦይስተሮችና በዓይን የማይታዩ ፕላንክተኖች፣ ጉልበት አፍስሰው በሰውነታቸው ውስጥ ሁኔታውን ካላመቻቹ በቀር ባሕሩ በራሱ ኖራ መጣሉ ብርቅ ነው። እንደ ባሃማስ ባሉ ጥልቀት በሌላቸው ሙቅ ባሕሮች ግን ውሃው ድንገት ወተት መስሎ ሲነጣ ይታያል፤ ነጩ ነገር ደቃቅ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከየት እንደሚነሣ ግን ሊቃውንቱ ገና ይከራከሩበታል። ይህን ለመሰለ ነገር ባሃማስ ድረስ መሄድም አያሻም። ከደሴ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ያለው የሐይቅ ውሃ አልካላይን ነው፤ በሐይቁ ደለል ውስጥ የተከማቸውን ካርቦኔት ተመራማሪዎች የወሎን የጥንት የዝናብ ታሪክ ለማንበብ ተጠቅመውበታል። የደሴ የኬሚስትሪ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው እዚያ ቢወርዱ ስለ ሙሌት ከሰሌዳ የበለጠ ያስተምሩበታል ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ የተበተነው ዱቄት የትም አይሟሟም ማለት ነውን? ይሟሟል፤ ነገር ግን በጥልቁ ነው። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ከላይ ወርዶ የሚበሰብሰው ሕያው ነገርም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምርበታል፤ ሦስቱም ኦሜጋን ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን የዞረችው የእንግሊዝ ቻሌንጀር መርከብ ከባሕር ወለል ያወጣችውን ጭቃ ያጠናው ጆን መሪ፣ የዛጎል ቅሪቱ በጥልቀቱ ልክ እያነሰ ሄዶ በጣም ጥልቅ በሆነው ስፍራ ጨርሶ እንደሚጠፋ አስተውሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ እኔን በጣም የሚማርከኝ ሜልቪን ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው ነው። ሰውየው ከካልሳይት የተሞረዱ፣ ለስላሳ የተደረጉ ድቡልቡል ኳሶችን መዝኖ በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ በአንድ ረጅም ገመድ ላይ በተለያየ ጥልቀት አንጠልጥሎ ተዋቸው፤ በኋላ አውጥቶ እንደገና መዘናቸው። ወደ ላይ ያሉት ኳሶች ከክብደታቸው እምብዛም አላጡም። ከ3,700 ሜትር ገደማ በታች የተንጠለጠሉት ግን በድንገት በብዙ ተበልተው ተገኙ። እኛም በፋብሪካ ውሃው ብረት ይበላ እንደሆነ ለማወቅ የተመዘነች ቁራጭ ብረት ቱቦው ውስጥ አንጠልጥለን ቆይተን እንመዝናለን፤ የፒተርሰንን ሙከራ ሳነብ የሥራ ባልደረባ ያገኘሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

እንግዲህ በጥልቁ ዱቄቱ ቢሟሟ ጥቅሙ ወደ ላይ ለመመለስ ስንት ጊዜ ይወስድበታል የሚለው ነው ቁም ነገሩ። የጥልቅ ውቅያኖስ ውሃ ወደ ላይ ለመመለስ መቶዎችን፣ በአንዳንድ ስፍራም ሺሕ ያህል ዓመታትን ይፈልጋል። ባሕሩ በወለሉ ላይ በተከማቸው ኖራ ራሱን በራሱ እንደሚያክም የታወቀ ነው፤ ይህ ሕክምና ግን የሚለካው በሺሕ ዓመታት ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዳኒ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን ችግር ለማለፍ፣ ያልሞላው ውሃ ከላይኛው ገጽ ብዙ ሳይርቅ በሚገኝባቸውና ከሥር ወደ ላይ በሚገፋባቸው የባሕር ክፍሎች ብቻ ዱቄቱ እንዲበተን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በሰሜን ፓስፊክ ለምሳሌ አራጎናይት የማይሟሟበት ውሃ አልቆ የሚሟሟበት የሚጀምረው ከጥቂት መቶ ሜትሮች በኋላ ነው፤ የዚያ ባሕር ጥልቅ ውሃ ዕድሜው የገፋ በመሆኑ ከብስባሽ የመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት ተጠራቅሞበታልና። እንዲህ ያለ ስፍራ ተመርጦም እንኳ ውጤቱ ወደ ላይ እስኪወጣ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። ሐሳቡን ያነሣሁት ለፍትሕ ስል ነው፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነገር ጨርሶ ያልታሰበበት እንዳይመስል። ያሰበበትም ሰው ግን መጀመሪያ የጠየቀው የባሕሩን ኦሜጋ ነው።

አሁን ወደ ቀይ ባሕር። የዚህን ባሕር ነገር አስፋፍቼ መጻፍ የምፈልገው ጎረቤታችን ስለሆነ፣ በጋዜጦቻችንም ላይ ከወደብ ውጪ በሌላ ጉዳይ ስሙ ሲነሣ ስለማላይ ነው። ቀይ ባሕር ትልቅ ወንዝ አይገባበትም፤ በየዓመቱ 2 ሜትር ያህል ውሃ በትነት ያጣል፤ ያጣውን የሚተካው በባብኤል መንደብ በኩል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚገባው ውሃ ነው። ስለዚህ ጨዋማ ነው፤ የውቅያኖስ አማካይ ጨዋማነት ከሺሕ 35 ሲሆን የቀይ ባሕር ጥልቅ ውሃ ከ40 በላይ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ግን ሙቀቱ ነው። በሌሎች ውቅያኖሶች በ2,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ውሃ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም አይበልጥም፤ በቀይ ባሕር በዚያው ጥልቀት 21 ዲግሪ አልፎ ይገኛል። አንባቢ በልቡ እንዲይዝ የጠየቅሁት የሙቀት ነገር የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት በሙቅ ውሃ ውስጥ የመሟሟት ችሎታው ይቀንሳል። በመሆኑም ቀይ ባሕር ከላይ እስከ ወለሉ ድረስ፣ ለካልሳይትም ለአራጎናይትም፣ ከሙሌት በላይ ነው። በፓስፊክ የሚሰምጥ ዱቄት ቢያንስ ታች ሲደርስ ይሟሟል፤ ከአሰብ ወይም ከምጽዋ ዳርቻ የሚበተነው ግን ወለሉ ላይ አርፎ ዱቄት እንደሆነ ይቀራል።

እንዲያውም ይህ ባሕር በታሪኩ ከዚህም አልፎ ሄዷል። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በበረዶው ዘመን፣ የዓለም ባሕሮች ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ባሉ ጊዜ፣ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው የቀይ ባሕር በር ጥልቀቱ ዛሬ 137 ሜትር ብቻ ስለሆነ መግቢያው ጠብቦ ነበር። ትነቱ አልቆመም፤ ጨዋማነቱ ከሺሕ 50 አለፈ። በዚያን ጊዜ ማግኒዚየሙም መግታት አልቻለም፤ አራጎናይት ያለ ሕያው ፍጥረት እርዳታ ከውሃው እየወጣ ደለሉን ድንጋይ አደረገው። ተመራማሪዎች ከወለሉ በቱቦ ባወጡት ደለል ውስጥ ይህ የጠጠረ ንብርብር በግልጽ ይታያል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ120,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ባሕሩ ከፍ ባለበት ዘመን ቀይ ባሕር ወደ ዳናኪል ገብቶ ኮራሎች አብቅሎ ነበር፤ ቅሪታቸው በረባዳው ዙሪያ እስከ ዛሬ አለ። የምጽዋ አሮጌ ቤቶች የታነጹትም ከዚያው ባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ነው። ኖራ ለመሥራት እንዲህ የተመቸን ባሕር ኖራ ጨምረን እናክመው ማለት፣ ጸሐፊው ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ጸሐፊው ምናልባት ያሰቡት በእቶን የተቃጠለውን ኖራ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ በባሕር ውሃ ውስጥም ይሟሟል። የተቃጠለ ኖራ ወደ ባሕር ቢጨመር ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ባይካርቦኔት እንደሚለውጥ ሃሩን ኬሽጊ እ.ኤ.አ. በ1995 ጽፎበታል። ሒሳቡን ግን ማየት ይገባል። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ አካባቢ ሲቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይሰጣል፤ የቀረው 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የማገዶው ጭስ ደግሞ ለብቻው ነው። ያ 56 ኪሎ ባሕር ውስጥ ቢገባ ሊይዝ የሚችለው 70 ኪሎ ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ነው። እንግዲህ የእቶኑ ጋዝ ተይዞ ካልተቀበረ በቀር ትርፉ ጥቂት ነው። የእቶኑ ጋዝ ሁሉ ተያዘ ብለን እንኳ ብናስብ፣ ባሕሩ በየዓመቱ ከአየር የሚውጠውን 10 ቢሊዮን ቶን ያህል ጋዝ ለማመዛዘን በዓመት ከ13 ቢሊዮን ቶን የማያንስ የኖራ ድንጋይ መፈለጥ ይኖርበታል፤ መላው ዓለም በዓመት የሚያመርተው ሲሚንቶ 4 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው።

በዚህ ላይ ሙሌቱ እንደገና ይመጣል። የተቃጠለ ኖራ በአንድ ቦታ ሲበዛ በዚያ ያለው ኦሜጋ ይወጣል፤ የአራጎናይት ኦሜጋ 7 አካባቢ ሲደርስ ደግሞ በቤተ ሙከራ እንደታየው ውሃው አራጎናይት መጣል ይጀምርና አንዴ ከጀመረ የተጨመረውን ያህል ብቻ ጥሎ አያቆምም፤ ከተጨመረውም በላይ አልካሊኒቲ ያጣል። ሲጥል የሚከናወነው ለውጥም ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከሚከናወነው ጋር አንድ ነው፤ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ተገናኝተው ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይለቃሉ። የተደከመለት ጋዝ ተመልሶ ይወጣል ማለት ነው። በፋብሪካ ኬሚካል ከመጠን በላይ ጨምሮ መስመሩን በስኬል የዘጋ ኦፕሬተር ይህን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ይህን ሁሉ ስል አደጋ የለም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም አደጋው የሚጀምረው የባሕሩ ኦሜጋ ከ1 በታች ሲወርድ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት ፍጥነት ኦሜጋ 4 ከነበረበት 3 ሲደርስም ይቀንሳል፤ ከሙሌት በላይ በሆነ ውሃ ውስጥ ሆኖም የሚከፍለው ጉልበት ይጨምራል። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ በአሜሪካ የኦሪገን ጠረፍ፣ በኔታርትስ ወሽመጥ የሚገኘው የኦይስተር ማራቢያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በገንዳዎቹ ውስጥ የሚፈለፈሉት እጮች በጅምላ ያልቁ ጀመር። መጀመሪያ የተጠረጠረው በሽታ ነበር። በኋላ እንደተደረሰበት ግን ምክንያቱ ነፋሱ ከጥልቅ ወደ ጠረፉ የሚያወጣው ቀዝቃዛና በካርቦን ዳይኦክሳይድ የበለጸገ ውሃ ነበር። እጩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከእንቁላሉ ባገኘችው ስንቅ ብቻ የአራጎናይት ዛጎሏን መሥራት አለባት፤ የውሃው ኦሜጋ ዝቅ ካለ፣ 1 ሳይደርስም እንኳ፣ ስንቋ ዛጎሉ ሳያልቅ ያልቃል። መፍትሔ የሆነላቸው ወደ ገንዳው የሚገባውን ውሃ በየሰዓቱ እየለኩ ሶዲየም ካርቦኔት መጨመር ነው። ይህ እኛ ሶዳ አሽ የምንለው፣ ከአቢጃታ ሐይቅ ሲመረት የቆየው ነገር ነው። ልብ ይባል፤ የጨመሩት በገንዳ ውስጥ፣ በተለካ መጠን፣ ወዲያው የሚሟሟ ነገር ነው፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በሜዳ ባሕር ላይ አይደለም።

በደቡብ ውቅያኖስ ደግሞ ከ1 በታች መውረዱ ራሱ ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በዚያ በሚንሳፈፉ ጥቃቅን ክንፋም ቀንድ አውጣዎች ዛጎል ላይ የመበላት ምልክት ማየቱን ገልጿል። የቀይ ባሕር ኮራሎችን በተመለከተ ግን በቅርቡ የሚያስፈራው ሙሌት ሳይሆን ሙቀት ነው፤ ውሃው ከለመዱት በላይ ሲሞቅ አብረዋቸው የሚኖሩትን አልጌዎች ይተፉና ይነጣሉ። ጽሑፉ ሁለቱን አደባልቆ ንጣቱን የአሲድ ሥራ አድርጎታል፤ ይህም ቢታረም መልካም ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው በዚህ ጉዳይ ላይ እንደገና የሚጽፉ ከሆነ፣ ይበተን የሚሉት የተፈጨው ድንጋይ ይሁን የተቃጠለው ኖራ ለይተው እንዲነግሩን፣ የተቃጠለው ከሆነም በየትኛው እቶን ተቃጥሎ ጋዙ ወዴት እንደሚሄድ፣ በአንድ ስፍራ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ይጨመር እንደሚሉ እንዲያስረዱን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከቀይ ባሕር ሌላ ባሕር የሚመርጡም ከሆነ የመረጡትን ባሕር ኦሜጋ ከላይ እስከ ወለሉ፣ በየጥልቀቱ፣ ከጽሑፋቸው ጋር አብራችሁ እንድታትሙልን አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የፋብሪካ ውሃ ተቆጣጣሪ፣ ከኮምቦልቻ